ማን ይግባ? የገባውስ ይናገራል? የኤክሰተር ትምህርት ቤት ታሪክ
(በቦስተን አካባቢ ለሚኖሩ ወላጆችና ልጆቻቸው የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን ዋላችሁ። እሑድ ከሰዓት ልጆቻችሁን ይዛችሁ በመምጣታችሁ ደስ ብሎኛል። በተለይ ልጆቹ በመምጣታቸው። የዛሬው ጉዳይ የእነሱ ነውና።

የማወራችሁ ስለ አንድ ትምህርት ቤት ነው። ሩቅ አይደለም። ከኖርዝ ስቴሽን ዳውንኢስተር የሚባለውን ባቡር ትሳፈራላችሁ፤ ወደ ሰሜን ትሄዳላችሁ፤ ኒው ሃምፕሸር ገብታችሁ ኤክሰተር የምትባል ትንሽ ከተማ ትወርዳላችሁ። ፊሊፕስ ኤክሰተር አካዳሚ ያለው እዚያ ነው። ስሙን የሰማችሁ አትጠፉም። “የሀብታም ልጆች ትምህርት ቤት” እየተባለ ይወራል። ወሬው ውሸት አይደለም፤ ግን ሙሉ አይደለም። እኔ ደግሞ ወላጆቻችን በዚህ ጎደሎ ወሬ ምክንያት በሩን ሳያንኳኩ ሲቀሩ ስለማይ ይቆጨኛል።

አንድ ነገር ቀድሜ ላጥራ። እኛ ሀገር “ፕሪፓራቶሪ” ሲባል ለብዙ ዓመት 11ኛና 12ኛ ክፍል ማለት ነበር። የ10ኛ ክፍልን ፈተና ያለፈ ይገባበታል፤ ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚህ “ፕሬፕ ስኩል” ሲሉ ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ9ኛ እስከ 12ኛ የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት ነው። ብዙዎቹ አዳሪ ናቸው። ልጁ እዚያው ይበላል፣ እዚያው ያድራል፣ መምህራኑም ከተማሪዎቹ ጋር ግቢ ውስጥ ይኖራሉ። ዓመተ ምሕረቱን ደግሞ እንዳንደናገር ሁሉንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ።

አሁን ወደ ታሪኩ።

ትምህርት ቤቱን የመሠረተው ጆን ፊሊፕስ የሚባል ነጋዴ ነው። በ1719 ተወለደ። ሃርቫርድ ሲገባ ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበር። ከተመረቀ በኋላ መጀመሪያ አስተማረ፤ ኋላ ወደ ንግዱ አዘነበለና ኤክሰተር ከተማ ውስጥ ስመ ጥር ባለጸጋ ሆነ። ሀብቱን የሚያወርሰው ልጅ ግን አልነበረውም። በ1781 ከባለቤቱ ከኤልዛቤት ጋር ሆኖ ገንዘቡን ለትምህርት ቤት ሰጠ። ልብ በሉ፣ አሜሪካ ከእንግሊዝ ጋር የምታደርገው የነጻነት ጦርነት ገና አላለቀም ነበር። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ የወንድሙ ልጅ ሳሙኤል ፊሊፕስ እዚህ ማሳቹሴትስ ውስጥ አንዶቨር ላይ ተመሳሳይ ትምህርት ቤት ከፍቷል፤ ለዚያም ጆን ገንዘብ አዋጥቷል። ሁለቱ እስከ ዛሬ ድረስ በትምህርትም በኳስም የሚፎካከሩ የአጎትና የወንድም ልጅ ትምህርት ቤቶች ናቸው።

ጆን ፊሊፕስ ስጦታውን ሲሰጥ አንድ ሰነድ አብሮ አስፍሯል። እዚያ ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ዕውቀት የሌለው ደግነት ደካማ ነው፣ ደግነት የሌለው ዕውቀት ግን አደገኛ ነው ይላል። ስለዚህ መምህሩ ከምንም በላይ የልጁን ጠባይ እንዲከታተል ያዛል። ሁለተኛው፣ ትምህርት ቤቱ ከየትኛውም አቅጣጫ ለሚመጣ ብቁ ወጣት ለዘለዓለም እኩል ክፍት ይሁን ይላል። “ከየትኛውም አቅጣጫ” የምትለዋን ያዙልኝ። በእኔ እይታ የዚህ ትምህርት ቤት የዕድገት ታሪክ ማለት ያቺን ቃል ኪዳን ቀስ እያለ፣ አንዳንዴም እየተጎተተ የፈጸመበት ታሪክ ነው። በጽሑፍ የተሰጠ ቃል ለመፈጸም ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ወደፊት ታያላችሁ።

በሩ የተከፈተው በ1783 ነው፤ በ56 ወንዶች ልጆች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቤንጃሚን አቦት የሚባል ሰው ኃላፊነቱን ያዘና ከ1788 እስከ 1838 ድረስ መራው። ሃምሳ ዓመት! ዛሬ አንድ ርዕሰ መምህር አምስት ዓመት ከቆየ እሰየው የምንል ሰዎች ይህን ስንሰማ መገረማችን አይቀርም። የትምህርት ቤቱን ስም የተከለው እሱ ነው።

በአቦት ዘመን፣ በ1796፣ ከገጠር አንድ የ14 ዓመት ልጅ መጣ። የገበሬ ልጅ ነው። ስሙ ዳንኤል ዌብስተር ይባላል። ትምህርቱ ላይ ጎበዝ ነበር። አንድ ነገር ግን አቃተው። በዚያን ጊዜ ተማሪ ተራው ሲደርስ ተነስቶ በቃሉ ያጠናውን ንግግር በትምህርት ቤቱ ሁሉ ፊት ማሰማት ነበረበት። ዌብስተር ካደገ በኋላ ራሱ እንደጻፈው፣ ክፍሉ ውስጥ ለብቻው ደጋግሞ ይለማመዳል፤ ስሙ ተጠርቶ ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ሲዞር ግን ከመቀመጫው መነሳት አይችልም። መምህሩ ያባብለዋል፣ ያበረታታዋል። አይሆንም። ወደ ማደሪያው ሄዶ ያለቅሳል።

ይህ ልጅ ኋላ አሜሪካ ካፈራቻቸው ታላላቅ ተናጋሪዎች አንዱ ሆነ። ሴናተር ሆነ፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። ይህን የምነግራችሁ ለማጽናኛ ብቻ አይደለም። የዚያ ዘመን የማስተማሪያ ዘዴ ጎበዙንም ልጅ አፉን ያስዘጋው እንደነበር እንድታዩ ነው። በቃል ያጠኑትን ቆሞ መወጣት አንድ ነገር ነው፤ ያሰቡትን መናገር ሌላ ነገር ነው። ትምህርት ቤቱ ይህን ልዩነት ለመረዳት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

ሌላው እንግዳ ታሪክ የአብርሃም ሊንከን ልጅ ነው። ሮበርት ሊንከን በ1859 የሃርቫርድን መግቢያ ፈተና ተፈተነ። ከ16 የትምህርት ዓይነቶች 15ቱን ወደቀ። አባቱ አልቆጣውም አልልም፣ ግን መፍትሔ ፈለገለት፤ ኤክሰተር አስገባው። በተከታዩ ዓመት የካቲት መጨረሻ ሊንከን ኒውዮርክ ላይ ኩፐር ዩኒየን በተባለው አዳራሽ ያን ታዋቂ ንግግሩን አደረገ። ከዚያ ልጁን ለማየት ወደ ኤክሰተር ተጓዘ። እግረ መንገዱንም በየከተማው ተናገረ፤ ኤክሰተር ላይም ተናግሯል። ያ ጉዞ ስሙን በሰሜን ምሥራቅ ግዛቶች ውስጥ አስተዋወቀው። በግንቦት ፓርቲው ዕጩ አደረገው፤ በኅዳር ፕሬዚዳንትነቱን አሸነፈ። ልጁም በዚያው ዓመት ሃርቫርድ ገባ። አንድ ዓመት በደንብ የመዘጋጀት ዕድል ያገኘ የወደቀ ልጅ ምን እንደሚሆን ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም። ሀገር ቤት በአንድ ፈተና ተስፋ የቆረጡ ስንት ልጆች አሉን!

በዚያው ዘመን ስለነበረው ርዕሰ መምህር፣ ስለ ጊዲዮን ሶል፣ ደግሞ ይህ ይነገራል። አንድ ጥቁር ተማሪ ይገባል። ከባርነት ግዛቶች የመጡ ነጭ ተማሪዎች “ወይ እሱ ይውጣ ወይ እኛ እንወጣለን” ይላሉ። ሶል መለሰላቸው፦ እሱ ይቆያል፤ እናንተ የፈለጋችሁትን አድርጉ። አጭር መልስ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው እንዲህ መለሰ ማለት በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ ማለት አይደለም። ለረጅም ጊዜ እዚያ የሚማሩት በአብዛኛው አባቶቻቸው የተማሩ፣ ኪሳቸው የሞላ የነጭ ልጆች ነበሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ለእኔ የዚህ ትምህርት ቤት ታሪክ ለሁለት የሚከፈለው በ1930 ነው።

ኤድዋርድ ሃርክነስ የሚባል ሰው ነበር። አባቱ ከሮክፌለር ጋር በስታንዳርድ ኦይል የነዳጅ ኩባንያ ገንዘብ ያፈሰሱ ሰው ናቸው፤ ልጁ የወረሰው ሀብት ለማሰብም ያስቸግራል። ሃርክነስ ይህን ሀብት በመስጠት ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ኤክሰተር አልተማረም። ነገር ግን የኤክሰተር ርዕሰ መምህር ሉዊስ ፔሪ ወዳጁ ነበር። ገንዘብ ልሰጥ እችላለሁ፣ ግን የማስተማሪያውን መንገድ ከሥሩ የሚለውጥ ሐሳብ አምጣልኝ አለው። ፔሪ የመጀመሪያውን ዕቅድ ይዞ ቢሄድ “ይሄ በቂ ለውጥ አይደለም” ብሎ መለሰው። እስቲ አስቡት፤ ሚሊዮኖች ሊሰጥህ የተዘጋጀ ሰው “ሐሳብህ አነሰብኝ” ሲልህ!

ሃርክነስ በሚያዝያ 1930 በጻፈው ደብዳቤ የሚፈልገውን አብራርቷል። ልጆች ከመምህሩ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡ፤ መምህሩ ያወያያቸው፤ መካከለኛውም ሆነ ከመካከለኛ በታች የሆነው ልጅ ለመናገር ይደፋፈር። ይህ እውነተኛ አብዮት ይሆናል አለ። ልብ በሉ፣ ጎበዙን ልጅ አይደለም ያሰበው። ኋላ ወንበር ላይ ተደብቆ ዓመቱን የሚጨርሰውን ልጅ ነው ያሰበው። በዚያው ዓመት 5.8 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። በገንዘቡ አዳዲስ መምህራን ተቀጠሩ፤ ክፍሎቹም አነሱ። በአንድ ክፍል 12 ተማሪ ገደማ።

ክፍሉን በዓይኔ ስላየሁት ላስረዳችሁ። ጥቁር ሰሌዳው ፊት ለፊት የተደረደረ ዴስክ የለም። የመምህር መድረክ የለም። መሐል ላይ አንድ ትልቅ ሞላላ የእንጨት ጠረጴዛ ብቻ። ሞላላ የሆነበት ምክንያት አለው። አራት ማዕዘን ቢሆን ጥግ ላይ የተቀመጠው ጎን ለጎኑ ያለውን አያይም። ሞላላው ላይ ግን ሁሉም ሁሉን ያያል። መደበቂያ የለም። ከጠረጴዛው ሥር ተስቦ የሚወጣ ትንሽ ሰሌዳ አለ፤ ፈተና ሲሆን ልጁ እሱ ላይ ይጽፋል። መምህሩም ከልጆቹ እንደ አንዱ ሆኖ ነው የሚቀመጠው።

ውይይት ሲጀመር አንዳንድ መምህራን ወረቀት ላይ የጠረጴዛውን ቅርጽ ይስላሉ፤ ዙሪያውን የልጆቹን ስም ይጽፋሉ። አንዱ ለሌላው ሲመልስ ከስም ወደ ስም መስመር ይስባሉ። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ወረቀቱ የሸረሪት ድር ይመስላል። ማን ብዙ እንደተናገረ፣ ማን እንዳልተናገረ፣ ማን ሌላውን ሳያስጨርስ እንደገባ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ብዙ የሚናገረው ልጅ ሁልጊዜ አይመሰገንም። ሌላውን አዳምጦ፣ ዝም ያለችውን ልጅ “አንቺስ ምን ይመስልሻል?” ብሎ የጠየቀው ነው የሚመሰገነው።

ሒሳብ ላይ ደግሞ ነገሩ የበለጠ ያስገርማል። እኔም የሒሳብ መምህር ስለነበርኩ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አትፍረዱብኝ። መማሪያ መጽሐፍ የላቸውም። መምህራኑ ራሳቸው ለዓመታት እያሻሻሉ ያዘጋጁት የጥያቄ ስብስብ ብቻ ነው ያላቸው። ምዕራፍ የለም፤ “ይህ ቀመር ነው፣ ከዚህ በታች ሃያ ጥያቄ ሥሩ” የሚል የለም። ልጁ ማታ ጥቂት ጥያቄዎችን ይታገላል። ጠዋት ክፍል ሲገባ የሠራውን፣ ያልጨረሰውንም፣ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። ከዚያ በየተራ ያብራራሉ፤ ሌሎቹ ይጠይቃሉ፣ ይሞግታሉ። ቀመሩ ላይ የሚደርሱት ራሳቸው ናቸው። ስህተት ሰሌዳ ላይ መጻፉ እንደ ውርደት አይታይም፤ የዕለቱ ትምህርት የሚነሳው ብዙ ጊዜ ከእሱ ነው። እኔ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ክፍሌ ውስጥ ስድሳና ሰባ ልጅ ነበር። በዚያ ቁጥር ይህን ማድረግ አይቻልም። ይህን የምለው መምህሮቻችንን ለመውቀስ አይደለም። ገንዘብ ምን ላይ ቢውል ትምህርትን እንደሚለውጥ ለማሳየት ነው፤ ሃርክነስ የገዛው የመምህር ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ስለ እኛ ልጆች በግልጽ ላውራ። ብዙዎቻችን ልጅ ስናሳድግ “ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም በል” ብለን ነው። ጨዋ ልጅ ማለት ዓይኑን ሰበር የሚያደርግ፣ ካልተጠየቀ የማይመልስ ነው። ይህ ጠባይ ቤታችን ውስጥ ክብር ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን ዝም ያለ ልጅ ያላነበበ ይመስላል። አክብሮ ዝም ያለውን ልጅ መምህሩ ሰነፍ ነው ብሎ ሊገምተው ይችላል። ደግሞ ዝምታ ባህላችን ነው ብለን ብቻ እንዳንደመድም። የቅኔ ተማሪ ምን ያደርጋል? ሌሊት ሲያወጣ ሲያወርድ ያደረውን ቅኔ የኔታ ፊት፣ ጓደኞቹ እየሰሙ ይዘርፋል። የኔታ ያርሙታል፣ ሌላው ይሰማል፣ ይማርበታል። እኛም የራሳችን የሆነ፣ ልጅ የራሱን ሐሳብ ይዞ የሚቀርብበት ጉባኤ አለን። ቤታችሁ ውስጥ እራት ላይ ልጃችሁ “አይመስለኝም፣ አባዬ” ሲላችሁ “ለምን?” ብላችሁ ጠይቁት። ምክንያቱን እስኪጨርስ ስሙት።

ወደ በሩ ልመለስ። የጽሑፉ ቃል “ከየትኛውም አቅጣጫ” ነበር። ሴቶች ልጆች ግን እስከ 1970 ድረስ አልገቡም። 189 ዓመት! በዚያ ዓመት የመጀመሪያዎቹ 39 ሴቶች ገቡ፤ እነሱም ከቤታቸው እየተመላለሱ የሚማሩ ነበሩ። አዳሪ ሴቶች የመጡት በዓመቱ ነው። በ1987 ደግሞ ኬንድራ ኦዶኔል የመጀመሪያዋ ሴት ርዕሰ መምህር ሆነች። የዋናው ሕንጻ በር ላይ በላቲን “ልጆች ሆይ፣ ወንዶች ትሆኑ ዘንድ ወደዚህ ኑ” የሚል ጽሑፍ ተቀርጾ ነበር። በ1996 ሌላ ተጨመረ፤ አዲሱ ወንዶችንም ሴቶችንም ጠርቶ በጎነትንና ዕውቀትን እዚህ ፈልጉ ይላል። እዚህ የተቀመጣችሁ ሴቶች ልጆች፣ ሴቶቹ ከገቡ 26 ዓመት በኋላ ነው ድንጋዩ የተናገረው።

ቤተ መጻሕፍቱን ሳላነሳ ባልፍ ደስ አይለኝም። በ1971 ተከፈተ። የነደፈው ሉዊ ካን ነው። ካን ኢስቶኒያ ተወልዶ በልጅነቱ ከድሃ ቤተሰቡ ጋር ወደ ፊላደልፊያ የመጣ ስደተኛ ነበር። ከውጭ ስታዩት ጭር ያለ የጡብ ሕንጻ ነው። ውስጥ ስትገቡ ግን ግዙፍ ክብ ቀዳዳዎች ያሏቸው የኮንክሪት ግድግዳዎች ይቀበሏችኋል፤ በቀዳዳዎቹ ውስጥ መጻሕፍቱ ፎቅ በፎቅ ተደርድረው ይታያሉ። ብርሃኑ ከላይ ይወርዳል። ዙሪያውን፣ የውጭው ግድግዳ ላይ፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆኑ የኦክ እንጨት ማንበቢያዎች አሉ። እያንዳንዱ የራሱ ትንሽ መስኮት አለው፤ መስኮቱም የሚንሸራተት የእንጨት መዝጊያ አለው። አንባቢው ብርሃኑን እንደፈለገ ያደርገዋል። አንድ የ15 ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ክብር ሲሰጠው ማንበብን አክብሮ አለመያዝ ይከብደዋል።

ወላጅ ስለሆናችሁ ክፉውንም ልንገራችሁ። በ2016 ከዓመታት በፊት መምህራን በተማሪዎች ላይ የፈጸሙት ጾታዊ በደል ይፋ ወጣ። ትምህርት ቤቱ አውቆ ለሕዝብ ሳይናገር የቆየበት ጉዳይም ነበር። ምርመራ ተደረገ። ልጁን አዳሪ የሚልክ ሁሉ፣ የትም ይሁን የት፣ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ፦ ልጄ ቢቸገር ለማን ይናገራል? የሚሰማውስ ማን ነው? ይህን መጠየቅ አያሳፍርም። የትምህርት ቤት ስም ትልቅ መሆኑ ልጅን አይጠብቅም።

አሁን ሁላችሁም የምትጠብቁት የገንዘብ ነገር። የአዳሪ ክፍያው በዓመት ከ60,000 ዶላር በላይ ነው። ይህን ቁጥር ያየ ወላጅ ገጹን ዘግቶ ይነሳል። አትዝጉት። በ2007 ትምህርት ቤቱ የቤተሰብ ገቢው 75,000 ዶላርና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ በነጻ ይማር አለ። ከዚያ ወዲህ ጣሪያው ወደ 125,000 ዶላር ከፍ ብሏል። በ2021 ደግሞ ተማሪ ሲመርጥ የቤተሰቡን የመክፈል አቅም እንደማያይ አስታወቀ። ዛሬ ከ1,000 በላይ ተማሪዎች አሉት፤ ግማሽ የሚጠጉት የገንዘብ ድጋፍ ያገኛሉ። ታክሲ የሚነዳ አባት፣ ነርሲንግ ሆም ማታ የምትሠራ እናት፣ ፓርኪንግ የሚሠራ አጎት፣ ይህ ለእናንተ የተጻፈ ነው። ጆን ፊሊፕስ ያን ቃል ሲጽፍ እናንተን አላሰበም ይሆናል። ቃሉ ግን እናንተንም ያካትታል።

መግባቱ ቀላል አይደለም። የሚያመለክቱት ብዙ ናቸው፣ የሚገቡት ጥቂት። የማመልከቻው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ በጥር ወር አጋማሽ ነው የሚያልቀው፤ ስለዚህ ከመስከረም ጀምሮ መዘጋጀት ያስፈልጋል። የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ፣ የልጁ ጽሑፍ፣ የገቢ ማስረጃ፣ ቃለ መጠይቅ አለ። የገቢውን ቅጽ ዛሬ ነገ አትበሉ፤ እሱ ሲዘገይ ድጋፉም ይዘገያል። ቃለ መጠይቁ ላይ ደግሞ ልጁ ይናገር። እናንተ ተርጓሚ አትሁኑለት፣ አትመልሱለት። የልጁንም ጽሑፍ እናንተ አትጻፉለት፤ ያውቁታል።

ልጃችሁ ባይገባ ወይም እናንተ ከቤት ርቆ እንዲያድር ባትፈልጉ፣ ያም ተገቢ ነው። አዳሪ ትምህርት ቤት ለሁሉም ልጅ አይሆንም። ነገር ግን ያልኳችሁ የሒሳብ ጥያቄዎች በትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ተለጥፈዋል። ማንም ማውረድ ይችላል። ሀገር ቤት ያሉ የሒሳብ መምህራን ወዳጆቻችሁም ቢሆኑ ይጠቀሙበት፤ ላኩላቸው። አሥር ልጆች ሰብስቦ ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ አዳራሽ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ ደግሞ 5.8 ሚሊዮን ዶላር አይጠይቅም። ጠረጴዛው ይኸው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመጀመር ፈቃደኛ ነኝ። ከ8ኛ ክፍል ጀምሮ ያሉ ልጆች ስማቸውን በሩ አጠገብ ባለው ወረቀት ላይ ይጻፉ።

ጥያቄ ካለ እንቀጥል። መጀመሪያ ልጆቹ ይጠይቁ፤ ወላጆች ከእነሱ ቀጥሎ።